የሰጠናቸው ዶሮዎች የት ደረሱ?

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ፣ ሴንት ጄምስ ታውን፣ ቶሮንቶ፣ የፕሮጀክት ንዑስ ኮሚቴው ሰብሳቢ ያደረጉት ንግግር)



ሊቀመንበራችን ሃያ ደቂቃ ፈቅደውልኛል። ካለፍሁ ጉሮሯቸውን እንደሚጠርጉ አስቀድመው ነግረውኛል።

ዛሬ የምናገረው ስለ ዶሮና ስለ ጎመን ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ወንድማችን «አዳራሽ ሙሉ ሰው ተሰብስቦ ስለ ዶሮ ያወራል ወይ?» ብሎ አስቆን ነበር። እኔም ስቄያለሁ። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከሦስት ዓመት በፊት በዚሁ ጉባኤ ፊት ቆሜ «ለ40 ቤተሰብ አምስት አምስት ዶሮ እንስጥ» ብዬ ያስወሰንሁት እኔ ነኝ። ዶሮዎቹ ተገዙ፣ ተሰጡም። የርክክቡ ፎቶግራፍ በዚያ ዓመት መጽሔታችን ሽፋን ላይ ወጣ፤ እናቶቻችን ነጠላቸውን አጣፍተው ቡናማ ቡናማ ቄብ ታቅፈው። ሁላችሁም ታስታውሱታላችሁ። ከስምንት ወር በኋላ የነበረውን ግን ማንም ፎቶግራፍ አላነሣውም። እኔም አልጠየቅሁም። ዛሬ የቆምሁት ያንን ለመናገር ነው።

ስለ ዶሮዎቹ ከመናገሬ በፊት ይህ አዳራሽ ስላለበት ሰፈር ጥቂት ልበል። ወደ ዶሮዎቹ የሚያደርሰን መንገድ እሱ ነው።

ከሩቅ ለመጣችሁ፣ ሴንት ጄምስ ታውን ማለት በመስኮቱ የምታዩት የፎቅ ደን ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የተሠሩ 19 ረጃጅም ሕንፃዎች በጥቂት መንገዶች መካከል ተፋፍገው ቆመዋል። በካናዳ ሕዝብ እጅግ ከታጨቀባቸው ሰፈሮች አንዱ ነው። መጀመሪያ የታሰበው ለወጣት ሠራተኞች ነበር፤ ኋላ ግን ከየአገሩ የመጣው ስደተኛ ቤቱ አደረገው። በአንድ አሳንሰር ውስጥ አምስት ቋንቋ ትሰማላችሁ። እኔ የምኖረው 17ኛው ፎቅ ላይ ነው። ጓሮዬ በረንዳዬ ነው፤ ርዝመቱ አንድ መደብ፣ ስፋቱ ሁለት እርምጃ።

በመጀመሪያው ዓመት ሜይ ሲገባ ፀሐይዋን አይቼ ሮጥሁ። ከሱቅ የበቀለ ችግኝ ገዝቼ በአንድ ባልዲ አፈር ውስጥ ተከልሁ። በሦስተኛው ሌሊት ውርጭ መታው። በሁለተኛው ዓመት ውርጩን ጠበቅሁ፤ ባልዲውን ከታች መብሳት ግን ረሳሁና ሥሩ በሰበሰ። በሦስተኛው ዓመት ነፋስ ገነደሰው፤ በዚህ ከፍታ ላይ ያለው ነፋስ የጉናን ነፋስ ያስታውሳል። ጎመኔ የቆመልኝ ባልዲውን በስቼ ከታች ጠጠር ሳደርግበት፣ ዘሩን በማርች በመስኮት አጠገብ ሳበቅልና ከቪክቶሪያ ቀን በፊት ወደ ውጭ ላላወጣው ስምል ነው። አሳንሰሩ በተበላሸበት ሳምንት የአፈር ከረጢት ተሸክሜ 17 ፎቅ የወጣሁ ሴት ነኝ። ጉልበቴ እስከ ዛሬ ያነሣብኛል።

ሦስት ዓመት ሙሉ የገዛሁት ችግኝ ጥሩ ችግኝ ነበር። የጎደለው ችግኝ አልነበረም።

ስለ ጎመን ካነሣሁ አንድ ነገር ሳልነግራችሁ አላልፍም። የኛ የሐበሻ ጎመን፣ ዘሩ ምጣድ የምናሰስበት ጎመንዘር፣ እዚህ ካናዳ ውስጥ የዘይት ሰብል ሆኗል። በምዕራቡ ሜዳ ዘርተውታል። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2012 የካናዳ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ከዚሁ ዘር ዘይት በተሠራ ነዳጅ ብቻ አንድ ፋልከን 20 ጄት ኦታዋ ላይ አብርሯል፤ የተለመደው ነዳጅ ጠብታ አልተቀላቀለበትም። በሲቪል ጄት ታሪክ የመጀመሪያው ነው ተብሎለታል። እናቴ ብትሰማ «ታዲያ ምጣዱን በምን አሰሱት?» ትል ነበር።

ከዚህ አዳራሽ ወጥታችሁ የፓርላመንትን ጎዳና ወደ ምሥራቅ ስትሻገሩ ደግሞ ካቤጅታውን ትገባላችሁ፤ በኛ አፍ ጥቅል ጎመን ሰፈር ማለት ነው። በ1840ዎቹ የድንች በሽታ ያመጣውን ረሃብ ሸሽተው የመጡ ድሆች አየርላንዳውያን በደጃፋቸው ጎመን ይተክሉ ስለነበር ነው ይባላል ስሙ የወጣው። ስሙ ያን ጊዜ መሳለቂያ ነበር። ዛሬ በዚያ ሰፈር ቤት መግዛት የሚችል ከመካከላችን ካለ እጁን ያውጣ፤ ገንዘብ ያዣችን ሊያነጋግሩት ይፈልጋሉ።

ካቤጅታውንን አልፋችሁ ወደ ዶን ሸለቆ አፋፍ ስትደርሱ ሪቨርዴል ፋርም አለ። ቀድሞ የከተማው የአራዊት ማሳያ የነበረ፣ ከ1978 ወዲህ እርሻ ሆኖ ከተማው የሚያስተዳድረው ቦታ ነው። መግቢያ አይከፈልም። የልጅ ልጄን ይዤ ስሄድ እሷ በጎቹን ታያለች፤ እኔ የዶሮውን ቤት ነው የማየው። በሩ እንዴት እንደሚዘጋ፣ ወለሉ ላይ ምን እንደተነጠፈ፣ ቆጡ ከመሬት ምን ያህል ከፍ እንዳለ። ሰው ሲያየኝ የተሰረቀባት ሴት ሳልመስል አልቀርም።

ዶሮ ማርባት ግን በቶሮንቶ ለኛ ዓይነቱ ሰው አልተፈቀደም። ከተማው በ2018 በአራት የምርጫ ቀጠናዎች ብቻ ሙከራ ጀምሮ ነበር። ግቢ ያለው ሰው ተመዝግቦ እስከ አራት ዶሮ ያርባ፣ አውራ ዶሮ አይኑር፣ እንቁላሉ ለቤት እንጂ ለሽያጭ አይሁን ተባለ። አፓርትመንት የሚኖር ሰው አይመዘገብም። በ2023 ሙከራው ቆመ። አውራ ዶሮ የሌለበት ሰፈር እንዴት ይነጋል ብዬ ባለቤቴን ብጠይቀው «በስልክ» አለኝ።

ሕጉን ሳነበው የገረመኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ከተማው ለማንም ዶሮ አልሰጠም። መጀመሪያ የጠየቀው ቦታ አለህ ወይ፣ ቤቷን የት ታቆማለህ የሚለውን ነው። ራኩን የሚባል ሌባ ሌሊት ሌሊት በሚዞርበት ከተማ ይህን መጠየቅ ግድ ነው። ሸለምጥማጥ በሚዞርበት አገር ለ40 ቤት 200 ዶሮ ስንሰጥ እኛ አንዱን ቤት እንኳ አልጠየቅንም።

አሁን ወደ አገር ቤት ልውሰዳችሁ።

እናቴ ከስድስት እስከ ስምንት ዶሮ አታጣም ነበር። በሬው፣ እህሉ፣ ማሩ የአባቴ ነው፤ ዶሮ ግን የሴት ገንዘብ ነው። እንቁላሉን ጤፍ ውስጥ ቀብራ ታጠራቅምና በገበያ ቀን በሰፌድ ይዛ ትወጣለች። ስትመለስ ጨው፣ ጋዝ፣ ሳሙና፣ መስከረም ከሆነ ደግሞ ደብተር ይዛ ትመጣለች። አባቴ ስንት ሸጥሽ ብሎ ጠይቋት አያውቅም። እኔ በደርግ ጊዜ የተማርሁበት ደብተር በሙሉ በእንቁላል ነው የተገዛው።

ስድስተኛ ክፍል ልገባ ባለሁበት ክረምት ፈንግል ገባ። ወጣቶቹ ላታውቁት ትችላላችሁ፤ ስሙ ራሱ ይናገራል፣ ይፈነግላል። ማታ በደህና ቆጥ ላይ የወጣች ዶሮ ጠዋት አንገቷ ተጠምዝዞ፣ አፏን ከፍታ እየተነፈሰች፣ አረንጓዴ ተቅማጥ እየጣላት ታገኟታላችሁ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሰፈሩ ጸጥ አለ። ያን መስከረም የሁለት ልጅ ደብተር መግዣ አልነበረም። ታላቅ እህቴ ለአንድ ዓመት ትቅር ተባለ፤ የሚቀጥለው ዓመት መጣ፣ አልተመለሰችም። እኔ ቀጠልሁ። ዛሬ በዚህ ማይክራፎን ፊት የቆምሁት እኔ ነኝ፣ እሷ አይደለችም።

ይህን እያወቅሁ ነው ፈንግልን ረስቼ ዶሮ የላክሁት።

ባለፈው ዓመት ያ ወንድማችን ካሳቀን በኋላ ስልክ አንሥቼ ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ ወዳለችው አክስቴ ደወልሁ። እሷም ከ40ዎቹ አንዷ ነበረች። ዶሮዎቹ እንዴት ናቸው አልኋት። ዝም አለች። ከዚያ «ልጄ፣ እውነቱን ልንገርሽ ወይስ ደስ የሚልሽን?» አለችኝ።

«እውነቱን ይንገሩኝ እንጂ» አልኋት።

«ከአምስቱ አንዲትም የለች። ያለችኝ ድሮም የነበረችኝ ገብስማዋ ናት።»

ቀጥላ የነገረችኝን እንደነገረችኝ ላስቀምጥላችሁ፤ ከማንኛውም የባለሙያ ሪፖርት ይልቅ ትምህርት ያገኘሁት ከሱ ነው።

ዶሮዎቹ የተሰጡት በጥቅምት ነው። የ45 ቀን ቄቦች ነበሩ። በኅዳርና በታኅሣሥ ደብረ ታቦር ሌሊቱ ምን እንደሚመስል የምታውቁ ታውቃላችሁ። ከባሕር ወለል 2,700 ሜትር ያህል ከፍ ያለ አገር ነው፤ ውርጩ ባቄላውን ያጠቁረዋል። አክስቴ አንዷን ዶሮ ያጣችው በብርድ ነው። ሁለተኛዋን ጭልፊት ወሰዳት። «ገብስማዋ ጭልፊት ስታይ ጫጩቶቿን ጠርታ ከጌሾው ሥር ትገባለች። የናንተዎቹ ቀና ብለው ያዩታል፤ እንግዳ መጣ ብለው» አለችኝ። በዚህ ጊዜ ሳቀች፤ እኔ ግን አልሳቅሁም።

የቀሩት ሦስቱ አደጉ። እንቁላል መጣል የጀመሩት በየካቲት መጨረሻ ነው። በየካቲት መጨረሻ ምን ይገባል? ዐቢይ ጾም። 55 ቀን አገሩ እንቁላል አይበላም፤ ገበያው ላይ የእንቁላል ዋጋ ይወድቃል። ዶሮዋ ግን አትጾምም። የፈረንጅ ዶሮ እንቁላል ልትሰጥ የተመጣጠነ መኖ ትፈልጋለች፤ ጓሮ ጭራ በምታገኘው ብቻ አትጥልም። መኖው የሚመጣው ከባሕር ዳር ነው፣ በወረታ በኩል 100 ኪሎ ሜትር ያህል። በክልላችን ባለፉት ዓመታት በደረሰው ግጭት መንገዱ ክፍት የሆነ ሳምንት መኖው ይወደዳል፤ የተዘጋ ሳምንት ጭራሹን የለም። አክስቴ ለልጅ ልጆቿ ካስቀመጠችው በቆሎ እየቀነሰች አበላቻቸው። ይህን ስትነግረኝ «ስጦታ ነውና እንዳይሞትብኝ ብዬ» አለችኝ። እኛ የሰጠናት ዶሮ የልጅ ልጆቿን በቆሎ በላ ማለት ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለሷ አይደለም፤ ለኔ ነው።

ፋሲካ ደርሶ ዋጋው ሲያንሠራራ ትንሽ ሸጠች። ሰኔ ሲገባ፣ ዝናቡ እንደጀመረ፣ አንድ ጎረቤት ከገበያ አውራ ዶሮ ገዝቶ መጣ። አውራ ዶሮው በሦስተኛው ቀን ሞተ። በሳምንቱ የአክስቴ ሦስቱም፣ የጎረቤቶቿም አለቁ። ገብስማዋ ብቻ ተረፈች፤ ለምን እንደተረፈች እግዜር ይወቅ። በበዓልና በክረምት መግቢያ ፈንግል የሚበረታው በዚሁ ምክንያት ነው። የታመመች ዶሮ ሳትሞት ልሽጣት ብሎ ሰው ገበያ ያወጣታል፤ የገዛው ሰው በሽታውን በብብቱ ይዞ ቤቱ ይገባል።

ከዚያ በኋላ የሌሎቹንም ቤቶች ስልክ እያፈላለግሁ ደወልሁ። ያገኘሁት 31 ቤት ነው። ከሰጠናቸው ዶሮዎች አንድም በቤቱ ያለው አራት ቤት ብቻ ነበር። ከአራቱ ሦስቱ ለዶሮ በር ያለው ቤት ቀድሞ የነበራቸው ናቸው። አራተኛዋ ሴት ባሏ የቀበሌ የእንስሳት ሠራተኛ ነው፤ ያስከትባታል።

እንግዲህ ገንዘባችሁ የሄደው እዚያ ነው። የገንዘብ ያዣችን መዝገብ ንጹሕ ነው፤ አንድ ብር አልጠፋም። የጠፋው ዶሮው ነው። ጥፋቱም የኔ ነው፤ ያቀረብሁት እኔ ነኝ።

አንዳንዶቻችሁ «ስለዚህ የፈረንጅ ዶሮ መጥፎ ነው፣ የሐበሻ ይሻላል» ልትሉ ነው። እንዲህም አይደለም። የሐበሻ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ብትጥል ነው። የተሻሻለችው መኖና ቤት ካላት ከ200 በላይ ትጥላለች። ከተማ ዳር ተደራጅተው፣ መኖ በኩንታል ገዝተው፣ ሥራቸው አድርገው ለያዙት ወጣቶች እሷ ናት የምትሻለው፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ መንግሥት የሌማት ትሩፋት ብሎ የሚያስፋፋው መንገድም ይሄ ነው። አክስቴ ግን ዶሮ አርቢ ድርጅት አይደለችም። እርሻ፣ ውሃ መቅዳትና የልጅ ልጅ ማሳደግ አለባት። ዶሮዋ በእግሯ ሄዳ፣ ጭራ በልታ፣ ራሷ ታቅፋ፣ ራሷ ጫጩት የምታሳድግ መሆን አለባት። የፈረንጇ አትታቀፍም። ስትሞት ዘር አትተካም፤ ሌላ መግዛት ነው።

አሁን ስሌቱን ተመልከቱልኝ። አንዲት የሐበሻ ዶሮ አሥር አሥራ ሁለት እንቁላል ታቅፋ ብዙውን ትፈለፍለዋለች። ከተፈለፈሉት ግን ግማሽ ያህሉ ሁለት ወር ሳይሞላቸው ያልቃሉ፤ በጭልፊት፣ በድመት፣ በብርድ፣ በዝናብ፣ በፈንግል። ዶሮዋ በዓመት ሁለት ጊዜ ብትታቀፍና በየጊዜው ሦስት ጫጩት ብቻ ከሞት ብናተርፍላት ስድስት ዶሮ ነው። እኛ ከሰጠናት አምስት ይበልጣል። በሚቀጥለው ዓመትም እንዲሁ። ዶሮው እዚያው ቤቷ ነበር፤ እኛ ባሕር ማዶ ሆነን ሌላ እንፈልጋለን።

ስለዚህ ንዑስ ኮሚቴው ዛሬ የሚያቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። በሚቀጥለው ዓመት በጀት አንድም ዶሮ አንገዛም።

ገንዘቡ መጀመሪያ ወደ ክትባት ይሂድ። የፈንግል ክትባት ከሩቅ አገር የሚመጣ ነገር አይደለም፤ ቢሾፍቱ ያለው የእንስሳት ክትባት ተቋም ያመርተዋል። ሙቀት በመጠኑ የሚችል፣ ዶሮዋ ዓይን ውስጥ በጠብታ የሚሰጥ ዓይነትም አለ። ዋጋው በዶሮ ሲታሰብ ከአንድ እንቁላል ያነሰ ነው። ታዲያ ለምን አይከተቡም? አንድ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ ነው የሚሆነው፤ ከተበጠበጠ በኋላ ደግሞ አይቆይም። ስድስት ዶሮ ያላት ሴት ለብቻዋ ብልቃጥ አትገዛም። ሰፈሩ በአንድ ቀን፣ ዶሮው ከቆጥ ሳይወርድ በማለዳ፣ ሁሉም በር አንኳኩቶ የሚከትብ ሰው ያስፈልጋል። በየአራት ወሩም መድገም ግድ ነው። ለታመመች ዶሮ አይሠራም፤ ቀድሞ ነው። እኛ የምንከፍለው በየመንደሩ ለሁለት ሴት ወጣቶች ሥልጠናና የቀን አበል፣ ለበረዶ ሣጥንና ለትራንስፖርት ነው። ወረዳው የእንስሳት ጽሕፈት ቤት ሥልጠናውን ሊሰጥ ፈቃደኛ ነው። ሴቶች ይሁኑ ያልሁት አድልቼ አይደለም፤ ጎህ ሳይቀድ ሴት ቤት ገብታ ዶሮ ከቆጥ ማውረድ ለሴት ይቀላል።

ቀጥሎ የሌሊት ቤት። ከእንጨትና ከጭቃ፣ ከመሬት ከፍ ያለ፣ በሩ የሚዘጋ፣ ኩሱ ወደ ታች የሚወርድ። ይህን የአገሩ አናጢ ይሠራዋል፤ ቆርቆሮ ከሩቅ አንጭንም። የቤቱ ባለቤት እንጨቱን ያቀርባል፣ እኛ የእጁን ዋጋና ሚስማሩን። ለጫጩቶቹ ደግሞ ትልቅ ቅርጫት። እናቲቱ ከነጫጩቶቿ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቀን ቀን ከሱ ሥር ሆና ጥሬና ውሃ እየተሰጣት ትቆያለች። አያቶቻችን ያደርጉት የነበረ ነገር ነው፤ እናቴ በእንቅብ ታደርገው ነበር። ምንም አዲስ ነገር አላመጣሁም።

ከዚያ ጓሮው። ዶሮና ጎመን ጎረቤት ናቸው እንጂ ወዳጅ አይደሉም። አጥር ሳይኖር ዘር የሰጣችኋት ሴት ዘሩን ለዶሮዋ ነው የሰጣችኋት። ይህን አክስቴ ናት የነገረችኝ፤ «ዘር ከመላካችሁ በፊት አጥር ላኩ» አለችኝ። ኩሱም እንዳለ አይነሰነስም፤ ትኩስ ነው፣ ችግኝ ያቃጥላል። ከገለባና ከአመድ ጋር ተከምሮ ጥቂት ወራት ሲበስል ግን ለጎመን፣ ለቆስጣ፣ ለነጭ ሽንኩርት የሚወዳደረው የለም። እኔ እዚህ በረንዳዬ ላይ በከረጢት ገዝቼ ነው የምጠቀመው። የዶሮ ኩስ በክሬዲት ካርድ መግዛቴን አክስቴ እስካሁን አላመነችም።

ስለ እንቁላሉም አንድ ቃል። እ.ኤ.አ. በ2019 የተደረገው ብሔራዊ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ አምስት ሕፃናት ሁለት ያህሉ በምግብ እጥረት የተነሣ ለዕድሜያቸው የሚገባውን ቁመት እንዳላገኙ አሳይቷል። «እንቁላል ለልጅ ስጪ» ማለት ለኛ ቀላል ነው። አምስት እንቁላል ያላት እናት ግን ጨውና ደብተር ማስቀደሟ አላዋቂነት አይደለም። ለልጁ የሚደርሰው እንቁላል ዐሥረኛው ነው። እዚያ እንድትደርስ ዶሮዎቹ በሕይወት መቆየት አለባቸው።

ባለፈው የቀረበውን ተቃውሞ አልዘለልሁትም። «ትምህርት ቤት ይታያል፣ አምቡላንስ ይታያል፣ ስማችን ይጻፍበታል፤ ክትባት ምን ይታያል?» የተባለው እውነት ነው። ያልሞተች ዶሮ ፎቶግራፍ አይነሣላትም። ለሚቀጥለው መጽሔት ሽፋን የማቀርብላችሁ ጥሩ ሥዕል የለኝም፤ ምናልባት የዶሮ ቤት በር። ትምህርት ቤቱንም አልጠላሁም። እህቴ ከትምህርት የቀረችው ግን ትምህርት ቤት ጠፍቶ አልነበረም፤ በሩ ክፍት ነበር።

ሌላው ተቃውሞ የጸጥታው ጉዳይ ነው፣ እሱም ከባድ ነው። መንገድ ሲዘጋ ክትባቱ እንዴት ይደርሳል? ሁልጊዜ ይደርሳል ብዬ ቃል አልገባም። አንድ ዙር ሊያመልጠን ይችላል። ለዚህ ነው ቤቱንና ቅርጫቱን ከክትባቱ ጋር አብረን ያቀረብነው፤ እነሱ መንገድ ሲዘጋም ሥራቸውን ይሠራሉ። ለመጀመሪያው ዓመትም 40 ቤት አላልንም፤ እርስ በርስ የሚቀራረቡ 20 ቤቶች ናቸው፣ በአንድ ማለዳ የሚዳረሱ። ከቀድሞዎቹ 40 መካከል ይመረጣሉ፤ ዕዳ አለብን።

የመጨረሻው ነገር ገንዘብ አይደለም። ዛሬ የማስመዝገቢያ ወረቀት ከበሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ አለ። ሃያ ቤት፣ ሃያ ደዋይ። የሚመዘገብ ሰው አንድ ቤት ይወስዳል፤ በየሁለት ወሩ ይደውላል። የሚጠይቀውም ሦስት ነገር ነው፤ ስንት ዶሮ አለ፣ ስንት ጫጩት ሞተ፣ በምን ሞተ። ኔትወርክ ከሌለ ሌላ ቀን ይሞክራል። መልሱን በወረቀት ጽፎ ለኔ ይሰጠኛል፤ እኔም በሚቀጥለው ዓመት እዚሁ ቆሜ ደጉንም ክፉውንም አነብላችኋለሁ። እዚህ ተወልዳችሁ አማርኛችሁ ትንሽ የሚሰነካከል ልጆቻችንም ተመዝገቡ። አክስቴ እንደሆነች ወሬ ከጀመረች እናንተ ብዙ መናገር አይጠበቅባችሁም።

የአክስቴን ቤት ግን ማንም አይውሰድብኝ፤ ባለፈው እሑድ ደውዬ ነበር። ገብስማዋ ታቅፋለች።

ከወረቀቱ ጎን በትንንሽ ፖስታ ያደረግሁት ዘር አለ። የበረንዳዬ የሐበሻ ጎመን ነው፤ አንድ አንድ ፖስታ ውሰዱ። ባልዲውን መብሳት አትርሱ።

ሊቀመንበራችን ጉሮሯቸውን ጠርገዋል። ጥያቄ ካላችሁ ከድምፅ አሰጣጡ በፊት እመልሳለሁ።